የላሟን ሰዓት ያስተማርኩ እኔ

እኛ ሥራ በጀመርንበት ዘመን፣ ሙሳ፣ ፈቃድ ማለት የኃላፊ ችሮታ ነበር። የፈቃድ ወረቀትህ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይሁን፣ አይቼዋለሁ። አንተ ቁጭ በልና ስማኝ።

እኔ በእንስሳት እርባታ ተመርቄ አሶሳ ስመጣ ሥራዬ ላም ማዳቀል ነበር። የቀዘቀዘ የኮርማ ዘር በሞተር ጭኜ ባምባሲ ድረስ እሄዳለሁ፤ እና ገበሬውን ሰብስቤ አንድ ነገር ብቻ እደጋግማለሁ፤ «ላሟ ጠዋት ድራት ካሳየች፣ ኮርማ ካማራት ማለቴ ነው፣ ማታ ጥሩኝ፣ ማታ ካሳየች ጠዋት ጥሩኝ፣ ሰዓቷ ካለፈ አትድከሙ!» ታዲያ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት አባ ሰይድ «አንቱ ዶክተር፣ ላም ነች ወይስ አውሮፕላን?» ይሉኝና ይስቃሉ።

ታዲያ እኔና ባለቤቴ ሌንሴ ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፣ ልጅ የለም። እና አዲስ አበባ ሄድን። ከእሷ እንቁላል ከእኔ ዘር ተወስዶ ሁለት ፅንስ ተገኘ፣ ቀዝቅዞ ተቀመጠልን። ሐኪሟ ምን አለችን? «ማስቀመጡ ቀላል ነው። የሚወስነው እንቁላሉ ሲወሰድ የነበረሽ ዕድሜ ነው፣ የፅንሱ ጥራት ነው፣ የማህፀንሽ ግድግዳ ውፍረት ነው። ደግሞ ማህፀን ፅንስ የሚቀበለው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ከተጀመረ ቀኑ አይዛነፍም። ሁለታችሁም በዕለቱ ቀርባችሁ ካልፈረማችሁ ደግሞ አናቀልጠውም» አለች።

ሌንሴ እዚያው እህቷ ዘንድ ሆና መድኃኒቷን ወሰደች፤ እና ግድግዳው እንዴት አማረ! ሐኪሟ ራሷ «ሁልጊዜ እንዲህ አይገኝም» ብላታለች። ቀን ተቆረጠ፣ ና ተባልኩ፣ ወረቀቴን ይዤ ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። ሰውየው ወንበሩ ላይ እየተወዛወዘ፣ እየኝማ፣ እንዲህ እየተወዛወዘ፣ «የቀዘቀዘ ነው አላልክም? የቀዘቀዘ ነገር ይበላሻል እንዴ? ግምገማ አለብን፣ በሚቀጥለው ወር ትሄዳለህ» አለኝ። «የሚያልፈው የማህፀኑ ቀን ነው» ብዬ ባስረዳው፣ «ስለ ላም ነው ስለ ሚስትህ የምታወራው?» ብሎ ቢሮውን ሁሉ አሳቀብኝ። ወረቀቱም ሳይፈረም ቀረ።

ለምን ጥለህ አልሄድክም ትለኛለህ። ፈራሁ። እንጀራዬን ፈራሁ፣ ይኸው ተናገርኩት!

ያ ወር ተሰረዘ። በሌላ ወር ስንሞክር ግድግዳው አልወፍር አለ። በሌላው ወር አንዱ ፅንስ ሲቀልጥ ሞተ፣ ሁለተኛው ገባ፣ ግን አልያዘም። እናቴ ደግሞ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ከኤርፖርት በባጃጅ አምጥተሃት ነው፣ ባጃጁ አንጥሮ ጣለው!» እያለች ሌንሴን አቃጠለቻት። ሐኪሟ «ባጃጅ ፅንስ አይጥልም» ብላለች፣ ግን ማን ይሰማል? ሌንሴ እናቴንም ባጃጁንም አልወቀሰችም። አንድ ቀን ብቻ «ያኔ ብትመጣ ኖሮስ?» አለችኝ። እኔም ሐኪሟን ጠየቅኳት፤ «ያኔም ላይሳካ ይችል ነበር» አለችኝ። ላይሳካ ይችል ነበር! የዚህን እንኳ ቁርጡን እንዳላውቅ አደረገኝ እኮ ያ ሰውዬ!

አባ ሰይድ ሲሰሙ አልሳቁም። «አንቱ ዶክተር፣ የእኛን ላሞች ሰዓት አሳልፈው አያውቁም ነበር» አሉኝ። ይቺን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ታዲያ ያ ሰውዬ ጡረታ ወጣ፣ ወንበሩም ይኸው ለእኔ ደረሰ። ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፣ እኔ አልመልስለትም። ሰው እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ሙሳ፣ የሌላው ሰው ቀን አይታየውም፣ እኔ የምልህ ይህን ነው!

«ጋሼ» አለ ሙሳ፣ «ሚስቴ አዲስ አበባ መድኃኒቱን ጀምራለች፣ ቀናችን ሐሙስ ነው ብዬዎት ነበር። እርስዎ ደግሞ ሰኞ ዕለት ‹ከግምገማው በኋላ እናያለን› ብለውኛል።»

እ? እንደዚያ አልኩህ?

ዛሬ ረቡዕ ነው አይደል... እስክሪብቶውን አቀብለኝ። በል ተነስ፣ ባጃጅ ያዝና ወደ ኤርፖርት ሩጥ። አትሳቅብኝ አንተ፣ ሂድ!