ፂማቸውን ያስቆረጠች ልጅ

መንደርተኛው «ጋሽ መቀስ» የሚላቸው ፀጉር አስተካካይ ያን ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ሊወጡ ነበር። ልጃቸው ዘንድሮ ስለ አእምሮና ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚሰጠውን ትምህርት መምረጧን ሰምተው ደማቸው ፈልቷል፤ ትምህርት ቤት ወስደው ሊያስለውጧት ቆርጠዋል።

«አእምሮ ምኑ ይጠናል? ሁሉም ይዞት ይዞራል!»

«ሆድም ሁሉም ይዞ ይዞራል አባዬ፤ ሐኪም ግን ያጠናዋል።»

«ወይ ምላስ!»

በሩ ላይ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ተገጣጠሙ። የሦስት ዓመት ልጇን እየጎተተች ነው፤ ልጁ መንደሩን በጩኸት አናውጦታል።

«ጋሼ፣ እባክዎ እንደ ባለፈው ጥብቅ አድርገው ይዘው ፀጉሩን ይቁረጡልኝ።»

«ምን ችግር አለ? አልቅሶ ይወጣለታል።»

ልጅቷ መሐል ገባች። «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜ ፀጉርም እንደ ጣት ሲቆረጥ የሚያም ሊመስለው ይችላል። እልኸኛ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። በግድ ስንይዘው ደግሞ ፍርሃቱ ይብስበታል። እስኪ ለእኔ ተወው። ካልተቀመጠልኝ ትምህርቱን ራሴ አስለውጣለሁ።»

ይህን ያለችው ትምህርቱን ከልቧ እየወደደችው ነው።

አባቷን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የልጁን እጅ ከመቀሱ ጋር በእጇ ይዛ፣ «የአባዬን ፂም እንቁረጥ?» አለችው።

ሃያ ዓመት የተንከባከቡት ፂም! ጋሽ መቀስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጭ!

ልጁ ፊታቸውን ትክ ብሎ አየ። «አመመህ?»

«ኧረ ምንም!»

ደገመ። ሳቀ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ወንበሩን መውጣት ጀመረ፤ «አሁን እኔ!»

እናቲቱ ደግፋ አወጣችው። ጋሽ መቀስ አንድም እንባ ሳያዩ ፀጉሩን ቆርጠው ጨርሰው፣ «ስንቱን ልጅ ባለጌ እያልሁ አስለቀስሁ!» አሉ፤ አፈሩ። ወዲያው ግን ደስታው አሸነፋቸውና ልጃቸውን ትከሻዋን ይዘው ደጅ አወጧት።

«ሰማህ ወይ!» ብለው ማዶ ያለውን ልብስ ሰፊ ተጣሩ። «ይህቺ ልጄ የሰው አእምሮ እንዴት እንደሚያድግ ነው የምትማረው! ይህን የተማረች እናት ልጇን ከመምታቷ በፊት ምን እንደፈራ ታውቃለች፤ አስተማሪ የዘገየውን ተማሪ ደደብ አይልም፤ ወጣቱም የገዛ ንዴቱ ከየት እንደሚመጣ ይረዳል። ሁሉም ቤት ይጠቅማል! በል እንግዲህ፣ ወንድ ነኝ ያለ መጥቶ ያስለውጣት!»