ቅቤዋን የተከለከለች

ሴትን ራሷ የናጠችውን ቅቤ መከልከል ግፍ ነው እላለሁ። ከኮን ከተማ ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ጥገና ወጥቶላታል።

«በፋሲካም አስጾምከኝ» አለችው።

«ቅባት ሆድሽን እንዳይነፋሽ ብዬ ነው።»

«ድርሻዬን እየበላህ የተነፋኸው አንተ ነህ።»

«ሐሞትሽ ወጥቶ ይህን ድፍረት ከየት አመጣሽው?»

«ያወጡት ከረጢቱን ነው፤ ሐሞቱ እዚሁ አለ። ሐኪሙ ቅባት ይቅርባት ያለው እስከ መቼ ነበር? እኔ ገና ከማደንዘዣው አልነቃሁም ነበር፣ የሰማኸው አንተ ነህ።»

«ረሳሁት።»

«ደግ፤ ዛሬ ስንደርስ ራሴ እጠይቀዋለሁ።»

ሰውዬው ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ለጥቂት ሳምንት ነው ያለው። ቅቤሽ ጣፍጦኝ ነው።»

እግሬ ሥር የነበረውን የራሴን የቅቤ ቅል አንሥቼ ጉልበቴ ላይ አቀፍኩት።