ያላዩትን ያልመሰከሩ እናት፦ ወይዘሮ ሀብትነሽ እጅጉ

ወይዘሮ ሀብትነሽ ከአባታቸው ከቄስ እጅጉ አያሌው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ መኮንን በቡሬ ገጠር በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ፊደል እንዲቆጥሩ ፈቅደው ወደ ቡሬ ከተማ ስለላኳቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ በዚያ ዕድሜ ተስፋ ማለት ለእርሳቸው አስተማሪ መሆን ነበር። እናታቸው ሲታመሙ ግን ትምህርቱን አቋርጠው ቤት ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንድ ቀን እንኳ አንስተውት አያውቁም።

ከአቶ ገብረ ኢየሱስ ተሰማ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወደ ፍኖተ ሰላም ከመጡ በኋላ፣ በገበያው ዳር የስፌት መኪና አቁመው የተማሪ ደንብ ልብስ ይሰፉ ጀመር። ከእጃቸው የወጣ ሱሪም ሆነ ቀሚስ ጠርዙ ወደ ውስጥ አራት ጣት ይታጠፍ ነበር፤ ጨርቅ ይባክናል ለሚሏቸው ወላጆችም «ልጁስ እዚሁ ሊቀር ነው እንዴ?» ይሏቸው ነበር። ያን እጥፋት በየመስከረሙ እየተረተራችሁ ያደጋችሁ ዛሬ እዚህ ብዙ ቆማችኋል።

ሰብለንና ቂርቆስን ወለዱ፤ ባለቤታቸው በ1999 ዓ.ም. ሲያርፉም ልጆቹን በዚያው መኪና አሳደጉ። ቂርቆስ በ2009 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወጥቶ ከሱዳን ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ መርዶ ሊነግሯቸው ቢመጡ፣ በር ላይ ቆመው «ያያችሁ ካላችሁ ግቡና ንገሩኝ፤ የሰማችሁ ግን፣ አባቶቼ፣ በሰላም ተመለሱ» አሏቸው። ሁሉም ተመለሱ። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ለነፍስ አባታቸውም የክርስትና ስሙን ከሙታን ሳይሆን ከመንገደኞች ጋር እንዲያነሡላቸው ይሰጡ ነበር። ሰው ይህን ተስፋ ይለው ነበር፤ እርሳቸው ግን ያላዩትን አለመመስከር ነው ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት የሆድ ሕመም ጸናባቸው፤ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ቢጻፍላቸውም መንገዱ ባለመከፈቱ ሳይሄዱ ቀሩ። መጀመሪያ መዳንን፣ ቀጥሎ ለፋሲካ መድረስን፣ በመጨረሻም አንድ ጉንጭ ውሃ ሳያስመልሳቸው መዋጥን ተስፋ አደረጉ። የመጨረሻው ተፈጸመላቸው። መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት በ63 ዓመታቸው አረፉ።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ልጃቸውን ሰብለን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኅታቸውን ወይዘሮ እህተ ማርያምን ትተው አልፈዋል። ይህን ጽሑፍ ያዩ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች የቂርቆስ ስም ከዚህ ዝርዝር እንዲወጣ መክረው ነበር፤ ያየ ግን እስካሁን አልመጣም። ስለዚህ በሕይወት ካሉት ጋር ይነበባል፦ ልጃቸውን ቂርቆስ ገብረ ኢየሱስን ትተው አልፈዋል።

እግዚአብሔር ለደከሙት እናታችን በአብርሃም አጠገብ ማረፊያ ይስጥልን፤ መንገድ ላይ ላለውም መግቢያ ይስጠው። አሜን።