ሦስተኛ ክፍልን በስተርጅና የደገሙት የመምህር አምሳሉ ዋቅሹማ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ፀሐዩ እንደከረረ እያየን ነውና ጥላ የያዘ ላልያዘው እያጋራ ጥቂት ይታገሠን፤ መምህር አምሳሉ በሕይወት ሳሉ ከአርባ ደቂቃ ያነሰ ነገር ትምህርት አይባልም ይሉ ስለነበር፣ ማሳጠራችንን ከሰሙ እንደሚቆጡን እያወቅን እንደምንም አሳጥረነዋል።

መምህር አምሳሉ ከአባታቸው ከአቶ ዋቅሹማ ጉተማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጅቱ በዳኔ በጊንጪ አካባቢ በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ አምጥተው ልደታ አጠገብ አሳደጓቸው፤ ከመምህራን ማሠልጠኛም ተመርቀው እዚሁ ሰፈራችን ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደቡና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም። ወደ ሁለተኛ ደረጃ እናሳድግዎ ሲባሉም፣ ሰው መበላሸት የሚጀምረው ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ስለሆነ እዚያ ምን እሠራለሁ ብለው እምቢኝ አሉ።

ይህን ሲሉ ከልባቸው ነበር። ፊደል፣ እስከ መቶ መቁጠር፣ እጅ መታጠብና ወረፋ መጠበቅ በአንደኛ ክፍል ካለቀ፣ መደመርና መቀነስ፣ ሰዓት ማንበብና እንስሳትን መለየት በሁለተኛ ከታወቀ፣ ሦስተኛ ክፍል ማባዛትንና አራቱን አቅጣጫዎች ካስጨበጠ፣ አራተኛ ክፍልፋይንና ምግብ በሆድ ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ፣ አምስተኛ ወንዞችንና ተራሮችን፣ ስድስተኛ ደግሞ መቶኛንና ክፍለ ዓለማትን ከጨመረበት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሰውንም የሚመዝኑት በዚሁ ሚዛን ነው። አንድ ጠበቃ ወደ ፍርድ ቤት ሲጣደፍ መኪናውን በኮንዶሚኒየማችን በር ላይ አቁሞ፣ አንሣ ሲሉት አንቀጽ ቢጠቅስባቸው፣ አንደኛ ክፍልን ዘሎ ሕግ የገባ ሰው ነው ብለው አሰናበቱት፤ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሸምሲያ ለስምንት ሕፃናት ዳቦውን ሰባት ቦታ ቢቆርሱ አራተኛ ክፍል መልሰዋቸዋል፤ የእድራችን ሊቀመንበርማ ስብሰባ ባረፈዱ ቁጥር ሁለተኛ ክፍል እንደገቡ ነው የኖሩት።

በ1967 ዓ.ም. ወይዘሮ እንዳለችን ለማግባት ሽማግሌ ላኩ። በባህላችን አግቢው ሽማግሌ ልኮ ልቡ እየመታ ቤቱ ይቀመጣል እንጂ አብሮ አይሄድም፤ እርሳቸው ግን ሽማግሌዎቹ ሥራዬን አሳጥረው ይናገሩብኛል ብለው ተከትለዋቸው ሄዱ። የልጅቷ አባት ምን ይሠራሉ ብለው ቢጠይቁ፣ የአንደኛ ክፍልን ትምህርት ከሥር ጀምረው ማስረዳት ያዙ፤ አራተኛ ክፍል ላይ ሲደርሱ አባትየው በቃ ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ስለ ማርያም ይተውን ብለው ተነሡ። ወይዘሮ እንዳለች ይህን ሲያወሩ እስከ ዛሬ በሳቅ ይፈርሳሉ።

በትዳራቸውም ፋዮንና ቤካን ወለዱ፤ ቤካም ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ የአባቱ ተማሪ ሆነ። ቤካ ሥዕል ይችላል፣ ይዘፍናል፣ የተሰበረ ራዲዮ ፈትቶ ያናግራል፤ ሰባትን ማባዛት ግን አልሆንልህ አለው። በዚያን ጊዜ በትምህርት መዝጊያ ቀን ወላጆች ተሰብስበው የክፍሉ ኃላፊ የተማሪዎቹን ውጤት በሰው ፊት ያነብ ነበር። መምህር አምሳሉም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቤካ አምሳሉ ወድቋል፣ ይደግማል ብለው አነበቡና፣ ልጄ ስለሆነ አላዳላሁለትም የሚል ጨመሩበት። ወላጆቹ እውነተኛ መምህር ብለው አጨበጨቡላቸው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ በሰልፉ መካከል ቆሞ ያን ጭብጨባ ሰማ።

ወይዘሮ እንዳለች ያን ክረምት ሙሉ ወጡን ያለ ጨው አቀረቡላቸው፤ እርሳቸውም አጥፍቻለሁ ላለማለት ያለ ጨው በሉ። ቤካ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ መምህር እያለ ይጠራቸው ጀመር፤ አድጎ ሜክሲኮ አካባቢ የሞባይል ጥገና ሱቅ ከከፈተም በኋላ ለዓመት በዓል ይመጣል፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ በልቶ ይሄዳል። ይህ ነገር አባትየውን ከውስጥ ይበላቸው ነበር፤ ለማን ይንገሩት?

ዓምና በበልግ ስትሮክ መታቸው። ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ እነርሱ ጋር ሆና ስድስተኛ ክፍል የምትማረው የፋዮ ልጅ መቅደላዊት መጽሐፎቿን ይዛ ከላይ ወደ ታች ፈተነቻቸው። ክፍለ ዓለማትን ጥሩ ብትላቸው ልደታ፣ ሜክሲኮ፣ መርካቶ አሉ። ምግብ ከተዋጠ በኋላ ወዴት ይሄዳል ብትላቸው እንዳለችን ጠይቂ አሉ። አራቱን አቅጣጫዎች አራቱንም ወደ ማድ ቤት አመለከቱ። አንደኛ ክፍል ላይ ስትደርስ ሀ ለ ሐ መ እያሉ እስከ ረ ሄደው ቆሙ፤ የቆሙበትንም ስላወቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ሐኪሞቹ ከታች ጀምሮ የሚያስተምራቸው ሰው ይፈለግ ሲሉ፣ ፋዮ አዳማ ስለሆነች ማንም ያልጠበቀው ቤካ እኔ አለሁ አለ። ሱቁን በጊዜ እየዘጋ የፊደል ገበታ በኮሪደሩ ላይ ሰቅሎ ያስተምራቸው ያዘ። እግዚኦ፣ እንዲህ ያለ አስቸጋሪ ተማሪ! ቾክ አያያዙን ይነቅፋሉ፣ የወይዘሮ ሸምሲያ ልጆች ቀድመዋቸው ሲመልሱ ሹክ ብሏቸው ነው ብለው ይከሳሉ፣ ደወል አልተደወለም ብለው አልነሣም ይላሉ። እንዲህ እየተጨቃጨቁ አንደኛንና ሁለተኛን አለፉ፤ ሦስተኛ ክፍልም ሰባትን ማባዛት ተፈተኑና ከአሥር አራት አገኙ።

ወረቀቱን ራሳቸው ደግመው አርመው፣ እርማቱ ትክክል መሆኑን ካመኑ በኋላ፣ እራት አልበላም ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ወይዘሮ እንዳለችም አሁን ገና ገባዎት ወይ አሏቸው እንጂ አላባበሏቸውም። ቤካ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አይዞዎት፣ ውጤትዎን ለማንም አልናገርም፣ ቀስ ብለን እንደግመዋለን አላቸው። ያን ጊዜ የባሰውን ተንሰቀሰቁ።

በማግሥቱ የእድራችንን ሽማግሌዎች አስጠርተው አንድ አደራ ሰጡን። በሰው ፊት ያዋረድኩትን ልጅ ጓዳ ውስጥ ይቅርታ ብጠይቀው ምን ዋጋ አለው፣ እኔን ብሎ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ቀን ደግሞ የቀረው አንድ ብቻ ነው፣ ያን ቀን አንብቡልኝ አሉን። ሦስተኛ ክፍልን እየደገሙ ሳሉም ሕመሙ ተመልሶባቸው፣ ትናንት ረፋድ ላይ በሰባ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ እንዳለችን፣ ልጆቻቸውን ፋዮንና ቤካን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም አሁንም ቢሆን ስሙን ሲጠሩት ዘሎ የሚቆም የልደታን ጎልማሳ ሁሉ ትተዋል።

አደራው እንዲህ ይላል፤ ቤካ እባካችሁ ይቅር፣ አይነበብ ብሎ ለምኖን ነበር፣ እኛ ግን የሙት ቃል መሻር አልቻልንም።

«እኔ አምሳሉ ዋቅሹማ ሦስተኛ ክፍል ተፈትኜ ከአሥር አራት አግኝቻለሁ፤ ልጄ ውጤቴን ሸሸገልኝ። እኔ የእርሱን በሰው ፊት አንብቤ ነበር። ሰው ሲያጨበጭብልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ነበር። አይቼዋለሁ። ቤካ፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

መሐሪው አምላክ የመምህራችንን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ለወይዘሮ እንዳለችና ለፋዮ መጽናናቱን ይስጥልን፤ እናንተም ቤካን ደገፍ አድርጉት፣ መቆም አቅቶታል። አሜን።