ክኒኑን ማን እንዳመጣው ከታላቅ እህት የተሰጠ ቃል

የምስክር መጠሪያ፦ በሰፈሯ «እትዬ መርፌ»
ዕድሜ፦ 39
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ጠዋት

ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ተጠይቄ በፈቃዴ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ሆስፒታል ተኝቶ የሚገኘው የሴራሚክ ንጣፍ ሠራተኛ ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ «ድምቡሼ» እንለዋለን፤ ቀጭን ነው፣ ስሙ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አልለቀቀውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስፌት ላይ እያለሁ ስልክ ደወለልኝ። ከጀርባው ኃይለኛ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። «እትዬ፣ እወድሻለሁ እኮ! ሰውን ሁሉ እወዳለሁ!» አለኝ። ወንድሜ ፍቅሩን የሚገልጸው ጫማዬን ወልውሎ በር ላይ በማስቀመጥ እንጂ በአፉ ስላልሆነ፣ ደስ ቢለኝም ልቤ ጠረጠረ። ያለበትን ጠይቄ፣ የጓደኛቸው ልደት ወደሚከበርበት አዳራሽ በታክሲ ሄድኩ።

ስደርስ ከአዳራሹ ኋላ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ያፋጭ ነበር። ገላው እንደ እሳት ይፋጃል። «ምሰሶ» የምንለው ረጅሙ ጓደኛው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ውሃ በላይ በላዩ ያጠጣዋል። «ምን ነካው?» ብዬ ስጠይቀው «ሲጨፍር ስለዋለ ሞቆት ነው» አለኝ። ወንድሜ ቀና ብሎ አይቶኝ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ተንቀጥቅጦ እጄ ላይ ወደቀ።

በመጣሁበት ታክሲ ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሟ ምን እንደወሰደ ስትጠይቅ ምሰሶ መሬት መሬት ያይ ነበር። እጁን ይዤ «ልጄ፣ የፖሊሱ ነገር ይደርሳል፤ እሱ ግን ካመለጠን አይመለስም» አልኩት። እያለቀሰ «የጭፈራ ክኒን» የሚሉትን የተከለከለ አነቃቂ ዕፅ መዋጣቸውን ተናገረ። እሱ ግማሽ ውጧል፤ ወንድሜ ግን አንዱን ከዋጠ በኋላ «ምንም አልተሰማኝም» ብሎ ሌላ ደግሟል። ሐኪሟም ክኒኑ የገላን ሙቀት እንደሚያንር፣ ከልክ በላይ የጠጣው ውሃም የደሙን ጨው አሳንሶ አንጎሉን እንዳሳበጠው አስረዳችን። ምሰሶን ትከሻውን ይዛ «እውነቱን ባትነግረኝ ስንገምት ጊዜው ያልፍብን ነበር» አለችው።

ከዚያ በኋላ ምሰሶ ክኒኑን ሰጥቷል ተብሎ ተያዘ።

እሑድ ወንድሜ ነቃ። ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀኝ ስለ ምሰሶ ነው። መያዙን ስነግረው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እየተንተባተበ ተናገረ። «ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለእሱም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ስውጥ ‹ተው› ብሎኝ ነበር። ምላሴ ገና አልተፈታም፣ አንቺ ንገሪልኝ» አለኝ። «ይከሱሃል እኮ» አልኩት። «አውቃለሁ፣ እትዬ» አለኝ። ፀጉሩን እየዳሰስኩ እንቅልፍ እስኪወስደው አጠገቡ ቆየሁ።

መርማሪው ይህ ቃል ወንድሜን ሊያስጠይቀው እንደሚችል ነግሮኝ እንዳስብበት ጊዜ ሰጥቶኛል። አስቤበታለሁ። ወንድሜ በእግሩ መቆም ሲችል ደግፌ ራሴ አመጣዋለሁ። የምሰሶ እናት ግን ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆማለች፤ ልጇን ይዛ ትግባ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ለሥጋ ዝምድና ብዬ የሸሸግሁት፣ በማንም ላይ የጨመርኩት የለም፤ እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________