የጠቆረው ስክሪን

የልጄ የየሺ ላፕቶፕ የመመረቂያ ሥራዋን እያሰላላት ሳለ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ሥዕል የሌለው፣ በጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ብቻ የሚደረድር፣ ሊኑክስ የሚሉት ነው። «አባባ፣ በባትሪ ይጨርሳል፤ ዛሬ ማስረከቤ ነውና እንዳይዘጋ ይጠብቁልኝ» ብላኝ ወደ መምህሯ ሄደች። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ድርግም አለ። ተዘጋ ብዬ ደነገጥሁ። በስመ አብ ብዬ አንዲት ቁልፍ ነካ ባደርግ ፊደሉ ተመለሰ። ከዚያማ እንደ ምድጃ እሳት ያዝሁት፤ ሲጠፋ ነካ፣ ሲጠፋ ነካ። ምሳዬንም አልበላሁ።

ተመልሳ ስታይ «ውይ አባባ! ባትሪውን የሚበላው እኮ ብርሃኑ ነው!» አለች። ከመቶ ዘጠኝ ብቻ ቀርቶታል።

«ገደልሁብሽ?» አልኋት።

አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፋ ስክሪኑን ራሷ አጠፋችው። «አንቱ ውዳሴ ማርያም በቃልዎ ሲደግሙ ዓይንዎን ይጨፍኑ የለ? ታዲያ ያቋርጣሉ?»

«ምን ሲደረግ!»

«እሱም እንዲያው ነው።» እጄን ይዛ ከላፕቶፑ ሥር አስገባችው። ይሞቃል፤ እየሠራ ነው። እንዲሁ ሆነን ጨለማውን ስናይ ቆየን። በኋላ ብታበራው ሥራው አልቋል፤ ባትሪው ከመቶ ሁለት ቀርቶታል። እጇ ገና እጄን እንደያዘ ነበርና እኔም ለመነሣት አልቸኮልሁም።