ካቡ ሳያልቅ ለሄደው ለታዘበው ያየህ

አባቶቼ ካህናት፣ ፍትሐቱን አድርሳችኋል፤ እግዜር ዋጋችሁን ይክፈል። የአገሬ ሽማግሎች፣ እናቶቼ፣ ከሞጣ በዚህ ዝናብ ጭቃ እየረገጣችሁ የደረሳችሁ፣ ከቢቸና ተማሪ ቤት የመጣችሁ አስተማሪዎች፣ ከጉንደ ወይን ገሳችሁን ደርባችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፤ እናንተም ከቅጥሩ በር አጠገብ ተለይታችሁ የቆማችሁ የበላቸው ወገኖች፤ ሁላችሁም ለቀብር ነው የመጣችሁትና ሁላችሁንም እኩል እጅ ነሥቻለሁ።

እኔን ታውቁኛላችሁ። ውበቴ ነኝ። የዚህ ልጅ የክርስትና አባቱ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሰው ፊት የተናገርኩትን ግን አጥፌ አላውቅም። አስተማሪ ሣህለ ማርያምን የምናገረውን ጻፍ ብዬዋለሁ፤ እናቱ ፈንታነሽ ዛሬ በለቅሶ ብዛት የማትሰማውን ሌላ ቀን እንዲያነብላት። ሁሉንም ጻፍ አስተማሪ። የሚያስቀይመውንም ጻፍ።

አፈሩ ገና አልተመለሰም። እኔ ሳልጨርስም አይመለስም። ለምን? ወንድሙ አምባቸው ከጉድጓዱ ዳር የቆመው ጠመንጃውን ይዞ ነው። ለቀብር ጠመንጃ ይዞ መምጣት በአገራችን ነውር አይደለም። አፈሙዙ ግን ወደ ሰማይ ነው የሚያየው። የአምባቸው አፈሙዝ ግን ወደ ቅጥሩ በር፣ ወደ በላቸው እንደሚያይ ሁላችሁም አይታችኋል። ሴቶቹ ሙሾውን ያቆሙት ለዚህ ነው። ከመካከላችሁ የሚያስል እንኳ የጠፋው ለዚህ ነው።

ሣጥኑም ቀሏል። ይህንንም እናገራለሁ። የተሸከማችሁት አውቃችኋል። ከማሳው የተገኘውን በነጠላ ለቅመን፣ ገንዘን ነው ያመጣነው። የእናቱን ልብ ልጠብቅ ብዬ አልዋሽም። እሷም አብራን ስትለቅም ነበር።

እንግዲህ ስሙኝ።

ታዘበው ማን ነበር? ከዚሁ ከእኛው መንደር ተነሥቶ ቢቸና ተማረ፤ ማርቆስ ተማረ፤ አዲስ አበባ ኮሌጅ ገባ። ከዚያ ባሕር ማዶ ሰደዱት። ምን ሊሠራ? ለልምምድ። የአውሮፕላን ሞተር የሚመረመርበት ቤት አለ፤ ተማሪ እዚያ ይገባና ከዋናዎቹ ሊቃውንት ጎን እየሠራ ይማራል። ቆይቶ በፋሲካው ሰሞን መጣ። ቤቴ ተቀመጠ። እኔም ጠየቅሁት።

«ምን አሠሩህ?»

«መጀመሪያ ቱቦ አሳጠቡኝ፣ አባባ።»

«ቱቦ! ቱቦ ልታጥብ ነው ባሕር የተሻገርከው? እዚሁ ጋን አጥበህ አትቀመጥም ነበር?»

ሳቀ። «ከዚያ ወዲያ ሞተር አስፈተኑኝ። ሞተሩን በብረት ከወለሉ ጋር እናስረዋለን። እሳቱን እንለቀዋለን። እንዳይሄድ ይዘን ምን ያህል እንደሚገፋ እንለካለን።»

«የማይሄድ ሞተር! እነዚህ ሰዎች አብደዋል ልበል?»

«አባባ፣ እርስዎ ወይፈን ሲያቀኑ መጀመሪያውኑ ማሳ ያስገቡታል?»

እውነቱን ነዋ! ወይፈን ቀንበር የሚለምደው በባዶ ሜዳ ነው፤ ካረጀ በሬ ጎን ተጠምዶ። አሮጌው ሲዞር ይዞራል። ሲቆም ይቆማል። ልምምድ የሚሉት ይኸው ነው። ታዘበው ወይፈን ነበር፤ እነዚያ ፈረንጆች አሮጌ በሬዎች። የእኛ ወይፈን ደግሞ አልለገመም። ቱቦ አጣቢ ሆኖ ገብቶ፣ እሳቱን የሚለቀውን መዘውር በገዛ እጁ እስኪከፍት ደርሷል። ይህን ስናገር ደረቴን የነፋሁ ከመሰላችሁ፣ አዎ ነፍቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ነገረኝ። «ሞተሩ ሲጮህ አንፈራም፣ አባባ። የምንፈራው ተለኩሶ ዝም ሲል ነው። ዝም ካለ ማንም አይጠጋውም፤ ትልቁ ሊቅም ቢሆን። ሁላችንም ከግንቡ ጀርባ እንቆያለን።» ዝም ያለ እሳት። ይችን ቃል ያዙልኝ።

ሲመጣም ባዶ እጁን አልመጣም። ያ የምርምር ቤት በየክረምቱ ከኢትዮጵያ ኮሌጅ ሁለት ልጅ ለልምምድ ሊቀበል ቃል ገብቶለታል። መራጩ እሱ ነው። እሱም ያገሩን ልጆች ፈተነ፤ ኮሌጅ የገቡትን። ያን ጊዜ የሞጣና የቢቸና ሰው እንደ ልማዱ ተናቆረ። «ሁለቱም ከእኛ!» «እናንተ ምን አላችሁና? ሁለቱም ከእኛ!» እሱ አንድ ከሞጣ፣ አንድ ከቢቸና ወሰደ። ከቢቸና፣ ከዚሁ ከእኛው መንደር፣ የወሰደው የማንን ልጅ ነበር? የበላቸውን ልጅ፣ ይግዛውን። ይህን የማያውቅ አለ? የለም።

አሁን ወደ ማሳው ልግባ።

አምና አውሮፕላን በላያችን ዞራለች። የማን እንደነበረች፣ ስለምን እንደመጣች አልናገርም። እናንተ ታውቃላችሁ። ያ ካፖርት ለብሶ ከጥዱ ሥር የቆመው፣ ማንም ዘመዴ ነው ያላለው ሰውም ያውቃል። ከጣለችው ቦምብ አንዱ ሳይፈነዳ በበላቸው ማሳ ውስጥ ተተከለ። ግማሹ ጭቃ ውስጥ፣ ጭራው ውጪ። አምና ማሳው ጦም አደረ። ከብት አልገባበት። ሰው አልዘራበት። በላቸው ልጆቹን በምን እንዳበላ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ታዘበው ከመጣ ወዲያ፣ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ወጥተን እዚሁ ደጀ ሰላም ቆመናል። እናንተ እዚያው ነበራችሁ። በላቸው በሰው መሀል ተጣራ፦

«አንተ የእሳት ተማሪ! ወንድምህ ማሳዬ ላይ ተኝቷል። መጥተህ ቀስቅስና ውሰደው!»

ሳቃችሁ። እዚያው ነበራችሁ፤ ሳቃችሁ።

«አያ በላቸው፣» አለ ልጁ፣ «እኔ የተማርኩት የሚገፋውን እሳት ነው። የሚወርደውን አልተማርኩም። ስለዚያ ከእርስዎ የበለጠ አላውቅም።»

«እሳት እሳት ነው! ያኛው ባይገፋ፣ ይኸኛው እዚህ ይደርስ ነበር?»

እውነት እናገራለሁ፤ በላቸው ያን ዕለት የረባ ነገር ነው የተናገረው። ወደ ቤት ስንሄድ ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «አባባ፣ አያ በላቸው የጠየቀኝን እዚያ አገር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ።

በላቸው በዚያው አላበቃም። «ልጄ የእሳት አሽከር አይሆንም» ብሎ ይግዛውን ከለከለ። አምባቸው ተቆጣ። «የሰደበህን ሰው ልጅ ተወውና ሌላ ምረጥ» አለው። ታዘበው ምን አለ? «እኔ የፈተንኩት ልጁን ነው፤ አባቱን አልፈተንኩም።» ቦታዋን ለይግዛው ጠብቆ አቆያት።

ደግሞም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ወደ ሹሞች ሄደ። «ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው ላኩልን» አለ። «ይታሰብበታል» ተባለ። ተመልሶ ሄደ። «እየታሰበበት ነው» ተባለ። ዝናብ ግን እስኪታሰብበት አይጠብቅም። ገባ። የጤፍ ጊዜ ደረሰ። በላቸው፣ «ዘንድሮስ ልጆቼን በረሃብ አልገድልም፤ ሰኞ ማረሻዬን አገባለሁ። ከፈነዳ ይፈንዳ!» አለ።

አገሩስ ምን አለ? «እሱ ተማረ፣ እሱ ያንሣ» አለ። እስቲ ልጠይቃችሁ። መሪጌታ ቅኔ ያውቃሉ ተብሎ ጥርሴን ንቀሉልኝ የሚላቸው አለ? የለም። ስለ አውሮፕላን የተማረ ግን የአውሮፕላኑን ሁሉ የሚያውቅ፣ የጣለችውንም የሠራ አስመሰልነው። ባሕር ማዶ ምን እንደሠራ ነግሮናል፤ የታሰረ ሞተር ነው የለካው። ሰምተናል። ሰምተን ግን አላመንነውም።

ታዘበው ወደ ማሳው የወረደው እሑድ ለሰኞ አጥቢያ በጨለማ አይደለም፤ እሑድ በጠራራ ፀሐይ ነው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። «አልነካውም» አለ። «ዙሪያውን፣ ራቅ አድርጌ፣ ካብ እክባለሁ። አያ በላቸው ከካቡ ወዲህ ይረስ።» ደርሳችሁ ነበር፤ ያኔም እዚያው ነበራችሁ። ሁላችንንም ከጉብታው ጀርባ ነዳን። ሴቱን፣ ሽማግሌውን፣ የበላቸውን በሬዎች ሳይቀር። «ከዚህ ቋጥኝ ማንም አይለፍ! ዝም ያለ እሳት ነው!» እኔን፣ የክርስትና አባቱን፣ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ።

ይግዛው ድንጋይ ተሸክሞ ተከተለው። ታዘበው ጉብታው አናት ላይ ያዘው። ድንጋዩን ከትከሻው ላይ ተቀበለው።

«ልርዳህ እንጂ!» አለ ይግዛው።

«ወይፈን ነህ። አሮጌው በሬ ሂድ ሳይል አትሄድም። ተመለስ።»

መለሰው። አሮጌው በሬ! ጢሙን እንኳ በቅጡ ያላወጣ ልጅ።

ካቡ ከግማሽ አለፈ። ድንጋዩን ሲያስቀምጥ እንሰማለን። ቋ ይላል። ዝም ይላል። ቋ ይላል። ተዳፋቱ ረጥቧል። ከካቡ አንድ ድንጋይ ከዳ። ቁልቁል ወደ ተተከለው ቦምብ ሲንከባለል ሰማነው። እሱም ሰምቶታል፤ «ተኙ!» ሲል ሰማሁት። ወደ እኛ ነው የጮኸው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቃላችሁ።

አምባቸው፣ ልጄ። ቀና በል። ወንድሜን በላቸው ገደለው ትላለህ። በቃሉ የገፋው በላቸው ብቻ ነው? ደጀ ሰላሙ ላይ የሳቀውስ? «እሱ ያንሣ» ያለውስ? ይታሰብበታል ያለውስ? ሁሉን ልትተኩስ ከሆነ ጥይትህ አይበቃህም። በላቸውን ከጣልክ ይግዛው አንተን ይፈልጋል። ለምን ይፈልግሃል? ታዘበው ከጉብታው ስለመለሰው፣ በሕይወት ስላለ። ወንድምህ ያተረፈውን ልጅ ደም መላሽ ልታደርገው ነው?

አንተም በላቸው። በሩ ላይ ምን አቆመህ? ሲሳደብ መሀል የቆመ ሰው ለቀብር ዳር አይቆምም! ይግዛው አጠገብህ ነው። በሁለት እግሩ ቆሟል። ማን እንዳቆመው እኔ አልነግርህም።

ልጅህን ላከው። የሞጣውም አባት፣ ትናንት መጥተህ «ልጄን ትቻለሁ» ያልከኝ፣ አንተም ላክ። የእሳት አሽከር ይሆናል ብለህ አትፍራ። በላቸው፣ ያቺን ጥያቄህን አስይዘው። ያኛው ባይገፋ ይኸኛው ይደርስ ነበር ወይ ያልካትን። ታዘበው እዚያ አገር የሚጠይቅ የለም ብሎኛል። እንግዲህ የሚጠይቅ እንላክ። ቱቦውንም ይጠብ፤ ሞተሩንም ይለካ፤ ይጠይቅም።

ሣጥን ላይ ድንጋይ ሳይጋደም አፈር አይመለስም፤ ልማዳችን ነው። የዛሬውን ድንጋይ ከዚያ ካብ አስመጥቻለሁ። ይኸው። ታዘበው በጁ የነካው ነው። ወጣት ሳለሁ ብቻዬን አነሣው ነበር፤ ዛሬ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሁለቱን ሰዎች እኔ መርጫለሁ። ከሌላ ሰው እጅ አልቀበልም። እስኪመሽም ቢሆን እዚሁ እቆማለሁ፤ ዝናቡም ይምጣ።

አስተማሪ፣ ብዕሩን ተወው። የቀረውን ኋላ ትጽፈዋለህ። ጠመንጃውን ተቀበለው።

አምባቸው። ስጠው።

ስጠው እንጂ ልጄ።

እንዲህ ነው።

በላቸው፣ ና። መንገድ ልቀቁለት። ማንም አይንካው። ና፣ አትቁም። አንተ በግርጌ፣ አምባቸው በራስጌ። አንተያይም ካላችሁ አትተያዩ፤ ድንጋዩን ብቻ እዩ። ጎንበስ በሉ። እኩል አንሡ።

ታዘበው፣ ልጄ። ከቋጥኙ ጀርባ ያስቀመጥከን ሁላችንም ይኸው አለን። አንድም ሰው አልተጫረም። እናትህ አለች። ይግዛው አለ። የበላቸው በሬዎች እንኳ አሉ። ነጩ በሬ ከዚያ ወዲህ ድምፅ ሲሰማ ይደነብራል እንጂ፣ አለ። እንግዲህ ሂድ። እኔም ብዙ አልቆይም፤ ስመጣ የታሰረው ሞተር እንዴት እንደሚለካ እንደገና ታስረዳኛለህ፤ ያን ጊዜ በደንብ አልገባኝም ነበር። ደህና ሁን።

ቀስ። ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት።

በላቸው፣ ተጠንቀቅ። እግሩ ባንተ በኩል ነው።